የትኛው ማንኪያ?

የመጀመሪያ ቀን ነጩን ጋውን ስለብስ ቁልፎቹን አዛንፌ ቆለፍኋቸው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ በፋርማሲ የተመረቅሁት ገና በዚያው ክረምት። የተቀጠርሁበት፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ባለቤት በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን ያክላል።

«እትዬ አማረች፣ ትምህርቱን ምነው አዘገዩት?» አለኝ።

«አራት ልጅ ሳሳድግ።»

«እሱማ ልምድ ተብሎ አይጻፍም» አለና የቅጥር ቅጹ ላይ ከሥራ ልምድ ፊት ዜሮ ጻፈ።

የሙከራ ጊዜዬ ስልሳ ቀን ነበር። ወጣቶቹ ኮምፒውተሩን እንደፈለጉ ሲያዙት እኔ ፊደሉን በአንድ ጣት እለቅማለሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ከምኖርበት ከሴቻ ሰፈር ስወርድ «ዛሬ ያሰናብተኛል» እያልሁ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከደጋው ከጨንቻ የወረደች እናት ሕፃን አዝላ መጣች። ማዘዣው የትኩሳት ሽሮፕ ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ማንኪያ» ብዬ በጋሞኛ ነገርኋት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ቀጣዩን ደንበኛ ሳስተናግድ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የትኛው ማንኪያ? እኔ የበኩር ልጄን ሳሳድግ ቤቴ የነበረው የሾርባ ማንኪያ ብቻ ነው። እሱ የሻይ ማንኪያውን ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ ያን ያህል ሽሮፕ ደግሞ ለጨቅላ ጉበት መርዝ ነው።

መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አንስቼ ከባንኮኒው ወጣሁ።

«ወዴት ነው? ሰው ተሰልፎ!» አለ ባለቤቱ።

«ተሳስቻለሁ፤ ሴትየዋን ልድረስባት።»

«እንዲህ ጥለው ከሄዱ አብረን መሥራት አንችልም!»

ፈራሁት፤ እንጀራዬ ነው። ለሕፃኑ ግን የበለጠ ፈራሁ። ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ በረርሁ።

የጨንቻው ሚኒባስ ሞተር አስነስቷል። መስኮቱን ደበደብሁ። እናትየዋ ነገሬን ስትሰማ ከፌስታሏ አዲስ የሾርባ ማንኪያ አወጣች።

«ለመድኃኒቱ ብዬ አሁን ገዛሁት» አለች።

ሲሪንጁ ላይ የአምስት ሚሊዋን መስመር በእስክሪብቶ አደመቅሁላት። ውኃ ስባበት እስክታሳየኝ ድረስ እንዲጠብቅ ሾፌሩን ለመንሁት።

ስመለስ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ነገርሁትና ጋውኔን ማውለቅ ጀመርሁ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔም እኮ እስከ ዛሬ ማንኪያ ብቻ ነው የምለው» አለ ቀስ ብሎ። ስንቱን እናት እንዲህ ብሎ እንደሸኘ እያሰበ መሆኑ ገባኝ። «ይልበሱት፣ እትዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕፃናት ሽሮፕ ያለ ሲሪንጅ ከፋርማሲው አይወጣም።

በቅርቡ በዕድሜ ከእኔም የምትበልጥ ምሩቅ ሥራ ልትጠይቅ መጣች። ባለቤቱ ቅጹን አውጥቶ በመጀመሪያ የጠየቃት «ስንት ልጅ አሳድገዋል?» ብሎ ነው።

እኔ አሁንም እንዳልሳሳት እየፈራሁ ነው የምሠራው። ቀጣሪ የሆናችሁ፣ በዕድሜ የገፋ ምሩቅ ሲመጣላችሁ ከትምህርቱ በፊት ምን ሲሠራ እንደኖረ ጠይቁት። መልሱንም ቅጹ ላይ ጻፉት።