ቀጠሮዎ ገና ነው

ፅጌረዳ ክንዱ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። አርብ ገበያ ከተማ መጥታ እኔ ካለሁበት ግቢ ቤት የተከራየች ሰሞን፣ ለጠየቃት ሁሉ «አፕ እሞክራለሁ» ትል ነበር። ሰው አይገባውም። «ሞክረሽ ሞክረሽ መቼ ነው የምትቀጠሪው?» ይላታል። ሲደክማት «ስልክ ላይ ነው የምሠራው» እያለች ማሳጠር ጀመረች። ያን ጊዜ ደግሞ ስልክ ስትነካካ የምትውል ሥራ ፈት ተደርጋ ተቆጠረች። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው የማያውቀውን ሥራ ሲያቃልል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ እሷ ከተወችው እኔ ላስረዳላት።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት አፕ ያወጣል። አፑ በሠሪዎቹ ስልክ ላይ አሳምሮ ይሄዳል፤ የእነሱ ስልክ ግን አዲስ ነው። የገበሬው ስልክ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሚሞሪው የሞላ፣ ከወንድም ወደ ወንድም ሲዞር የኖረ ነው። በአዲሱ አንድሮይድ የሚከፈተው በቀደመው እንቢ ይላል። በሰፊው ስክሪን ሙሉ የሚታየው ጽሑፍ በጠባቡ ላይ ግማሹ ይቆረጣል። ፅጌረዳ ታዲያ አሮጌና አዲስ ስልኮች ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ ያንኑ አንድ አፕ በእያንዳንዱ ትጭናለች፣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ኔትወርክ አጥፍታ ታበራለች፣ ስልኩን ታጋድማለች። ብልሽት ስታገኝ ወንድወሰን ለሚባለው ፕሮግራመር ትጽፋለች። እሱ ሲያስተካክል እሷ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች፣ በሁሉም ስልክ፤ አንዱን ሲጠግኑት ሌላው ይበላሻልና። ወንድወሰን ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚመልስላት «እኔ ጋ ይሠራል» ብቻ ነው። ይህን ቃል ያነበበች ቀን ከፊቷ አውቃለሁ።

የእኔም ስልክ ከዚህ መከራ አላመለጠም። «ጋሼ ጌታቸው፣ ስልክዎን ላንድ አፍታ?» ትለኛለች። ያቺ አፍታ እስከ ማታ ትቆያለች፤ ሲመለስልኝ ፊደሉ ገዝፎ፣ ድምፁ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። እነጫነጫለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ዓይኗ ቀልቶ፣ አንገቷን እያሸች ደጃፏ ላይ ስትቆም ማን ይከለክላታል?

አምና የመጣላት አፕ የሕክምና ቀጠሮ የሚያስታውስ ነበር። መድኃኒት በየወሩ የሚወስድ ሰው ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፤ ከፍቶ ሲያየው «ቀጠሮዎ ዛሬ ነው» ይለዋል። ቀኑ ካልደረሰ «ቀጠሮዎ ገና ነው» ይላል። ይህን ሥራ ወደደችው። ወደደችው ስል፣ ሌላውን የምትሠራው ለእንጀራዋ ነው፤ ይህን ግን አባቷን እያሰበች ነበር። አባቷ አቶ ክንዱ ከአርብ ገበያ ቁልቁል፣ ኔትወርክ ከማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደም ግፊት አለባቸው። መድኃኒታቸውን በየወሩ ከጤና ጣቢያ ይወስዳሉ፤ አንድ ቀን ቢያዛንፉስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳታል።

እውነቱን ለመናገር አቶ ክንዱ አስታዋሽ የሚያሻቸው ሰው አልነበሩም። ቀጠሯቸው ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ነው። በማርያም እርሻ አይነኩም፤ ቅዳሴ አስቀድሰው ወደ ከተማ ይወጣሉ። ደግሞ ቀን አያመልጣቸውም። የየዕለቱን ታቦት፣ የጾሙን መግቢያና መውጫ ሳያሰላስሉ ይናገራሉ። እኔንም ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ ዛሬ ማን ነው?» ብለው ይፈትኑኛል፤ ስሳሳት ደስ ይላቸዋል።

ፅጌረዳ ግን ኅዳር መባቻ ላይ አፑ በስልኮቹ ሁሉ ማለፉን ስታረጋግጥ፣ ከጠረጴዛዋ አንዱን አሮጌ ስልክ አንስታ ቀጠሯቸውን ሞልታ ሰጠቻቸው። እኔም ነበርኩ። «አባዬ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ቀን አይቁጠሩ። ይኼ ይጠራዎታል» አለቻቸው። እሳቸውም ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሉ። «እኔ ነኝ የሞከርኩት» አለች። ልዩነቱ ለእሳቸው ምናቸውም አልነበረም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አቶ ክንዱ አውድማ ላይ ወደቁ። ጎረቤታቸው ይበልጣል ከሰፈሩ ሰው ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሳቸው፤ እሱም አብሯቸው መጣ። እኔና ፅጌረዳ ሆስፒታል ስንደርስ ቀኝ ጎናቸው ተይዟል፣ አፋቸው ተጣሟል። ሐኪሙ መድኃኒታቸውን መቼ እንዳቋረጡ ጠየቀን። ፅጌረዳ «አላቋረጡም» አለች። አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው።

አቶ ክንዱ ግን ሰምተዋል። ምላሳቸው እየከበደባቸው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ «አለቀብኝ። በሃያ አንድ፣ ኅዳር ጽዮን ለት መሄድ ነበረብኝ» አሉ።

«ቀኑ ጠፋዎት እንዴ አባዬ?»

«ኅዳር ጽዮን ይጠፋኛል? አስቀድሼ ከቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ስልኩን ከፍቼ ለይበልጣል ልጅ ባሳያት፣ ገና ነው ይላል አለችኝ። በማግስቱም ገና ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ጊዜ ዕረፍት ሰጡኝ አልኩ። አንቺ የሠራሽው ነው። እኔ ካንቺ ልበልጥ ነው?»

ፅጌረዳ እጇን ወደ ይበልጣል ዘረጋች። እሱም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከፈተችው። ስልኩ የሚያሳየው ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የቀረ፣ ምናልባት ከፋብሪካ የወጣበት ዘመን ነው። በስሩ «ቀጠሮዎ ገና ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ አልተቆረጠም፣ አልተዛነፈም፣ እሷ እንዳሳለፈችው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ስልኩ በዚያ ዘመን ላይ ከቆመ በእርግጥም ገና ነው።

«ባትሪውን ያወጣው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አለ ይበልጣል። «አርብ አርብ የሰፈሩን ባትሪ ሁሉ ይዤ እወጣለሁ። ቻርጅ አስደርጌ እመልስላቸዋለሁ። ስልኩንማ ማን ገበያ ይወስዳል? ቢሰረቅስ?»

ነገሩ ይኸው ነው። ባትሪው ወጥቶ ሲውል ያ አሮጌ ስልክ ቀኑን ይረሳል። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ቢሆን ራሱን ያስተካክል ነበር፤ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ግን የሚያስታውሰው የለም። ፅጌረዳ ኔትወርክ አጥፍታ ሞክራለች። ስልኩን ዘግታ ከፍታ ሞክራለች። ጠረጴዛዋ ላይ ያሉት ስልኮች ግን ቻርጅ የሚደረጉት እዚያው ተሰክተው ነው፤ ባትሪያቸውን ያወጣ የለም። እኔም እሷም በየአርቡ በባትሪ ቻርጅ ቤቱ ደጃፍ እናልፋለን። የየባለቤቱ ክር የታሰረባቸው ባትሪዎች ተደርድረው እናያለን፤ ስልኮቹስ የት ናቸው ብለን አንድም ቀን አልጠየቅንም። በእሷ መጨከን አልችልም። እንደዚያች ልጅ የለፋ ሰው አላየሁም፤ ልፋቷ ግን አባቷ ቤት ሳይደርስ ቀረ።

ያን ዕለት ለወንድወሰን ጻፈችለት። «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መለሰ፤ ምን እንደደረሰ ገና አልነገረችውም ነበር። ደውላ ነገረችው። ከዚያ ሌሎች ሥራዎቹን ትቶ አስተካከለው፤ የስልኩ ቀን ወደ ኋላ ከሄደ አፑ አሁን «የስልክዎ ቀን ተሳስቷል፤ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ» ይላል። እሷም እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳች። የሁሉንም ባትሪ አወጣች፣ አሳደረች፣ መለሰች፣ ከፈተች። ባትሪው ለማይወጣው አዲስ ስልክ ቀኑን በእጇ ወደ ኋላ መለሰችው። ሁሉም አለፈ። ሲያልፍ ደስ ይላት እንደሆን ብዬ ፊቷን አየሁ፤ ምንም የለም። ተነስታ ለአባቷ ሾርባ ልታሞቅ ሄደች።

አቶ ክንዱ አሁን ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። ምላሳቸው ተፍታቷል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተኛ ይውላል። መሬታቸውን ይበልጣል የምርቱን እኩሌታ እየሰጣቸው ያርሰዋል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ወደሚመታው ደጃፍ ታወጣቸዋለች፤ ያንን ስልክ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካልከተተችላቸው አይወጡም። ልትወስድባቸው ሞክራ ነበር፣ ተቆጧት።

በቀደም አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ደወል ተሰማ። ፅጌረዳ መድኃኒታቸውን በውኃ ይዛ ወጣች። እንደ ድሯቸው ልታደርጋቸው ፈልጋ መሰለኝ፣ አጎንብሳ «አባዬ፣ ዛሬ ማን ነው?» አለቻቸው። ወሩ በገባ በሃያ አንድ ነበር፤ ነጠላ ያጣፋ ሰው ሁሉ በደጃችን ያልፋል።

አቶ ክንዱ ወደ መንገዱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከንፈራቸው ሊናገር ተንቀሳቀሰና ቆመ። ረስተውት ይሁን ራሳቸውን ማመን ትተው፣ አላውቅም። ግራ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ፤ ስልኩን አውጥተው ወደ ልጃቸው ዘረጉት።

«እሱ ማን ይላል?» አሏት።