የገመዱ ጫፍ

ዝናብ የመታው ቆዳ ሲደርቅ የሚሸተውን ሽታ ታውቂዋለሽ? ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት፣ የረጠበ ቦርሳዬን ማሞቂያው ላይ አኑሬ ቁጭ እንዳልኩ ያ ሽታ መጣ። «ማሚ፣ ሂተሩ ላይ አታድርጊው እንጂ፣ ይበላሻል» አለችኝ ልጄ። ሐሳቤ እዚሁ አሜሪካ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሄዶ ነበር፤ ከዚያም አልፎ።

ያን ጊዜ ሆም ኬር እሠራ ነበር። ከምኖርበት ከሴቨን ኮርነርስ አሌክሳንድሪያ በአውቶቡስ እየሄድኩ አንዲት አዛውንት እንከባከብ ነበር። ካሊፎርኒያ የተወለዱ፣ ዘራቸው ከሜክሲኮ የሆነ ሴት ነበሩ። እኔ ራሴ ስድሳ አልፎኝ ሳለ «ሚሃ» ይሉኝ ነበር፤ በቋንቋቸው «ልጄ» ማለት ነው።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አንድ የተጠቀለለ የጠፍር ገመድ ተሰቅሎ ነበር። የእኛን አገር መጫኛ ይመስላል። ከሥሩ በእጅ የተሣለ ካርታ አለ፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ። ቅድመ አያታቸው ለእስፔን ንጉሥ በወታደርነት አገልግለው፣ በኋላ ሜክሲኮ ነፃ ስትወጣ ከገዥው ለከብት እርባታ ሰፊ መሬት ተሰጣቸው። ሁለት ፈረሰኞች የገመዱን ጫፍና ጫፍ ረጃጅም ዘንግ ላይ አስረው፣ አንዱ ዘንጉን ተክሎ ሲቆም ሌላው እየጋለበ ነበር መሬቱ የተለካው። ግድግዳው ላይ ያለው የዚያ ገመድ ቁራጭ ነው።

«ጠዋት በጤዛ ነበር የሚለኩት። እርጥብ ጠፍር ይረዝማል፤ መሬቱም አብሮ ይሰፋል» ይሉና ይስቃሉ። «ሌቦች ነበርን፣ ሚሃ!»

ኋላ አሜሪካኖች አገሩን ሲይዙ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ያላቸው ይኸው ካርታ ነው። ድንበር የነበረው ዛፍ ደግሞ ተቆርጧል። ሙግቱ ሲያልቅ መሬቱም አልቆ ነበር።

ገመዱን በዘይት በወለወልኩ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን ነገርኳቸው። ለባሌም፣ ለልጄም ነግሬ አላውቅም።

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቃላድ ጣዮች፣ መሬት በጠፍር ገመድ የሚለኩ የመንግሥት ሰዎች፣ ወደ አባቴ መሬት መጡ። በመዝገብ ከተጻፈው በላይ የተገኘው ትርፍ ተብሎ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ገመድ ያዣቸው ታሞ ስለነበር «ይቺ ትያዝልን» አሉ። አባቴ ነጠላዬን የሚያስተካክሉ መስለው ጎንበስ አሉና «ገመዱ ሲወጠር አንድ አንድ እርምጃ ተከተዪው፤ መሬቱ አነስ ብሎ ይታያል» አሉኝ፣ በጆሮዬ።

ገብቶኛል። ግን መምህራችን መዋሸት ኃጢአት ነው ብለውን ነበር። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው፤ ገመዱ የቆዳና የእርጥብ ሣር ሽታ ነበረው። ሲወጠር መዳፌን ላጠው። እኔ ንቅንቅ አላልኩም።

«ይቺስ ችካል ናት! ዳኛ ይወጣታል» ብሎ ለኪው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

ምንጩ ያለበት መስክ ትርፍ ሆነና ለአንድ መኮንን ተሰጠ። አባቴ አልተቆጡኝም። እስኪሞቱም ድረስ አላነሱብኝም። በጋ በመጣ ቁጥር ግን ከብቶቹን ውኃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይነዱ ነበር። በር ላይ ቆሜ አቧራው እስኪጠፋ አያለሁ።

አዛውንቷ ሰምተውኝ ሲያበቁ ወደ ገመዱ አዩ።

«በየገመዱ አንዲት እርምጃ ብቻ?» አሉኝ።

«አንዲት እርምጃ» አልኳቸው።

ብርዱ ሲገባ ማስታወስ እያቃታቸው መጣ። ስሜን ረሱት፤ «ሚሃ» ብቻ ቀረ። የመጨረሻ ወራቸው ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድብ ከአልጋቸው ተነሡና ገመዱን እንዳወርድ አዘዙኝ። አንዱን ጫፍ አስጨበጡኝ።

«በሩ ጋ ቁሚ፣ ሚሃ። እስከ ወንዙ ድረስ የእኛ ነው» አሉ፣ መስኮቱን እያመለከቱ።

ሌላውን ጫፍ ይዘው፣ ግድግዳውን እየደገፉ፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ገመዱ ተወጠረ። እጃቸው መስኮቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። ዞር ብለው አላዩኝም። ቆመው ጠበቁ።

አንድ እርምጃ ተከተልኳቸው።

«ደረሰ» አሉ፣ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው።