ማግኔቱ ነው ወይስ ሙቀቱ

የፊዚክስ ማስተርሴን ከአንዲት የቀራንዮ ልጅ ጋር ነው የሠራሁት። እኔ ከኮልፌ፣ እሷ ከቀራንዮ እየተነሳን አንድ ቤተ ሙከራ እንገናኛለን። የምናጠናው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ ማንጋኒዝ ያለበት የብረት ንጣፍ ነበር። በተራ ማግኔት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። በዚህኛው ግን ጎን ለጎን ያሉት በተቃራኒ ስለሚቆሙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋል፤ ምስማር እንኳ አይስብም። ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ብንለቅበት አብረው ይዞሩ እንደሆነ ማወቅ ፈለግን። ከዞሩ ንጣፉ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት መጠን ይለወጣል።

ተለወጠ። አማካሪያችን ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን መስመር አይተው መጻፍ ጀምሩ አሉን።

እኔን ግን መስመሩ አላማረኝም። የዞረ ማግኔት ዞሮ መርጋት አለበት፤ የእኛ መስመር ግን ኤሌክትሪክ በለቀቅን ቁጥር ሳይረጋ ወደ ላይ ይወጣል። ደግሞ እሷ ስትለካ የሚወጣው መስመር ከእኔ ይልቅ ያምራል። ቁጥሩን ትነካካለች ብዬ ጠረጠርኩ። ምንም ሳልላት የእሷን ልኬት ተደብቄ ማየት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ድንገት ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ ውጤቱን የምታበላሺው? የኔ ሁሌ ከፍ ይላል፣ ያንቺ ዝቅ ይላል።»

ሳቄ መጣ። እኔም እንደጠረጠርኳት ነገርኳት። አየር ጤና እስክንደርስ ስንነጋገር እሷ ከእኔ የበለጠ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ትለቅ እንደነበር ገባን። ታዲያ መስመሩን የሚያወጣው ማግኔቱ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ራሱ ቢሆንስ?

በማግስቱ ማግኔት የሌለበት ንጹሕ የፕላቲነም ንጣፍ ላይ ያንኑ ሙከራ ደገምን። ያው መስመር ወጣ። ለካ ኤሌክትሪኩ ንጣፉን እያጋለና አተሞቹን እየገፋ ነው የሚያታልለን።

አማካሪያችን አላመኑንም፤ ሽቦ አሳስታችሁ አገናኝታችሁ ይሆናል ብለው ራሳቸው ቆመው አስደገሙን። ያው ሆነ። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ቀንሳችሁ ሞክሩ አሉ። ስንቀንስ ያ የሚያምር መስመር ጠፋ፤ ማንጋኒዝ ባለበት ንጣፍ ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ ዝላይ ቀረች፣ እሷም የዞረ ማግኔት እንደሚያደርገው ዘልላ ረጋች።

ስለዚያች ትንሽ ዝላይ ጻፍን። «ማግኔቱ ዞረ» ያልነውን አማካሪያችን በእስክሪብቶ ሰርዘው «የዞረ ይመስላል» አሉት። እኛም አልተከራከርንም።