የሰሌን አሸንዳ

በጣልያን ጊዜ ነው፤ መቐለ ገበያ በርበሬዬን እንደዘረጋሁ ያዙኝ። ለአርበኞች ደብዳቤ ታሳልፋለች ተብዬ ነው። አልዋሹም፣ አሳልፌያለሁ። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብና እርጥብ ነበር፤ ሽንት ሽንት ይላል። ውስጡ አንዲት የመቐለ ሴት ልጇን አቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት። ስትመረመር እግሯን ስለመቷት መቆም አትችልም።

እኔ የወሎ ሰው፣ ካልጠየቅሁ የሚያመኝ ነኝ። ገና ሳልቀመጥ ምን እንዳስለቀሳት ጠየቅኋት። በማግስቱ አክስቷ ልጅቱን ተምቤን ልትወስዳት ነው። እሱንስ እችለዋለሁ አለችኝ፤ የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ልጅቱ ነፍስ ያወቀችው እዚሁ እስር ቤት ስለሆነ የአሸንዳን ጭፈራ አታውቅም። በነሐሴ ሴት ልጆች ወገባቸው ላይ ረጅም ሣር አስረው ቤት ለቤት ሲጨፍሩ፣ እሷ መሃላቸው እንደ ባዳ ልትገተር ነው።

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እግርሽን አውሺኝ" አለችኝ።

ሣር ከየት ይምጣ? የምተኛበትን ሰሌን ተርትሬ በልጅቱም በእኔም ወገብ አሰርሁ። እናትየዋ ጣሳ እየመታች ታዜማለች፣ እኔ እጨፍራለሁ፣ ልጅቱ እኔን ታያለች። ምን ዋጋ አለው፣ ትከሻዬ የወሎ ነው። ያለ የሌለ እስክስታዬን አወረድሁት፤ ልጅቱም ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። እናትየዋ ሳቋ መጣ።

"ሣሩ እኮ አልሰማሽም።"

ወደ ታች ባይ እውነትም ሰሌኑ ንቅንቅ አላለም። ለካ ነገሩ ከወገብ ኖሯል! እግሩ እንዴት እንደሚነሣ፣ ክቡ ወዴት እንደሚዞር፣ ሁሉን ጠየቅኋት፤ ሳትሰለች ነገረችኝ። ዘበኛው ጣሳውን ቢቀማን በጭብጨባ ቀጠልን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቱ እኔን በልጣ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ልጅቱን ይዞ ሲወጣ እናትየዋ ግድግዳውን ቧጥጣ ተነሣች። ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው። ጥርሷን ነክሳ ወገቧን ሁለቴ፣ ሦስቴ ወዘወዘች።

ልጅቱ ዞር ብላ ፈዝዛ አየቻት። "አደይ፣ አንቺም ትችያለሽ?"

"እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኩሽ" አለቻት።

በሩ ሲዘጋ ወደቀች። ያኔ ደገፍኋት።

ልጅቱ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን የልጅ ልጆች አሉኝ። ጭፈራ ሲነሣ ጉልበቴ እየተንቋቋ እነሣለሁ። እማማ ተቀመጪ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አያታችን አትችልም ነበር ብለው እንዲያስቡ ግን አልፈልግም።