እትዬ ጽጌ የዘነቡ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከፌደራል ዌይ ወደ ሲያትል ስንመለስ አምስት ሆነን አንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ታጭቀን ነበር። ውጭ ያካፋል። መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ መንገዱ ወተት መሰለ። መስኮቱን በጣት ስፋት ዝቅ ሳደርግ ከኋላ ተቃውሞ ተነሣ። “ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል” አለች የአክስቴ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውለው። ሕዝባችን በምንም ነገር አይስማማም የሚሉ ሰዎች አብረውን በመኪና ሄደው አያውቁም። በፖለቲካ የተኳረፉ፣ በሃይማኖት የማይገናኙ ሁሉ በንፋስ ጉዳይ አንድ ቃል ናቸው። ዘጋሁት። መስታወቱን በእጅጌዬ ስጠርግ ክንዴ ድረስ ራሰ፤ እትዬ ጽጌም ትዝ አሉኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር አንድ መጋዘን ካርቶን ስጭን እውልና፣ ማታ ደግሞ ለመቃወም ብቻ መጽሐፍ አነባለሁ። የምኖረው ኤርፖርቱ አጠገብ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ፣ ከጋሽ ሃብቶም ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነው። ጋሽ ሃብቶም ዘራቸው ከኤርትራ፣ ዕድገታቸው ድሬዳዋ፣ ሥራቸው ከኤርፖርት መንገደኛ ማመላለስ ነበር። እትዬ ጽጌ የእሳቸው የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ ሽማግሌ ፈረንጆችን በየቤታቸው እየዞሩ ያስታምማሉ፣ ማታ ፌደራል ዌይ በልጃቸው በሳሮን ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። በኪራይ ቤት አድገው፣ በአሠሪ ቤት ጎልምሰው፣ በልጅ ቤት ሊያረጁ ነው። የራሴ የሚሉት ጣሪያ ኖሯቸው አያውቅም።

አንድ ቀን ታዲያ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አሉሚኒየም የለበሰ፣ ድፎ ዳቦ የመሰለ ተጎታች ቤት አስጎትተው ጋሽ ሃብቶም ጓሮ አስቆሙት።

“ጽጌ፣ ይኼ እኮ ቤት አይደለም፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው።”

“ሰርዲንም ቢሆን ክዳኑ የራሴ ነው።”

ችግሩ ክዳኑ ያፈስ ነበር። ሳሮን መጥታ ጣውላው ላይ የደረቀውን ቡናማ የውሃ ምልክት አየችና ፍርዷን ሰጠች፦ “ማሚ፣ ዝናብ ሲጀምር መጥቼ ቼክ አደርጋለሁ። አንድ ጠብታ ካየሁ ፓክ አድርገን ወደ ቤት ነው፣ ኦኬ?” እናትየው ተስማሙ። ለእሳቸው ወደ ቤት ማለት ወደ ሶፋው ማለት ነበር።

በዚያ በጋ ጋሽ ሃብቶምና እኔ ከጣሪያው አልወረድንም። አሮጌውን ማሸጊያ ፋቅን፣ የዛጉትን ብሎኖች ነቅለን በአዲስ ተካን፣ የበሰበሰውን ጣውላ ቆርጠን አወጣን። በየመጋጠሚያው እንደ ማር የሚዝለገለግ ማሸጊያ ጨመቅን፤ ላዩን ነጭ የጎማ ቀለም ሁለት እጅ ቀባነው። አውሮፕላኖቹ አናታችንን ሊነኩ ደርሰው ያልፋሉ፤ አጥሩ ላይ የበሰለው እንጆሪ ከማሸጊያው ሽታ ጋር ተደባልቆ ያውዳል። እጃችን ስለተጣበቀ እትዬ ጽጌ መሰላሉን ወጥተው የሹሮ ፍትፍት ያጎርሱን ነበር። መሰላል ላይ ቆሞ የሚያጎርስ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ጣሪያው መሐል ላይ እንደ ትንሽ መስኮት የሚከፈት የአየር መውጫ ነበር። ጋሽ ሃብቶም ወደ ታች አጎንብሰው ጠየቁ።

“ጽጌ፣ ይኼስ ይከፈት ይዘጋ?”

“ልክ አናቴ ላይ ንፋስ ልትለቅብኝ ነው?”

“ለወጉ ነው የጠየቅሁሽ። አንተስ፣ ፈላስፋው?”

“ይታሸግ” አልኩ። ያን ጊዜ ከሰማይ በታች የማልከራከርበት ነገር አልነበረም፤ በንፋስ ግን ምእመን ነበርኩ።

አሸግነው። ጋሽ ሃብቶም በጎማ ውሃ ለቀቁበት፤ እትዬ ጽጌ ውስጥ ተቀምጠው አንጋጠው ጠበቁ። ጠብ አላለም። ያንኑ ዕለት ፍራሻቸውንና ድስታቸውን ይዘው ገቡ።

ብርዱና ዝናቡ አብረው መጡ፤ ብዙም ሳይቆይ እትዬ ጽጌ ግንባራቸው ላይ ጠብታ ወድቆ ነቁ። ወጥተን አሸግን። በማግሥቱም ዘነበባቸው። ጣሪያው የልደት ኬክ እስኪመስል ብንለስነውም የሚቆም አልሆነም። ሳሮን ቅዳሜ ልትመጣ ነው። እትዬ ጽጌ ልብሳቸውን እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ መደርደር ጀመሩ።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ከሩቅ የሚታየው ተራራ ከነበረዶው ወጥቶ ሳለ ድምፃቸውን ሰማን። “ሃብቶም፣ ዛሬም ዘንቧል!”

ገባን። ጣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠብታ አብቅሏል፤ በእያንዳንዱ ጠብታ ውስጥ መስኮቱ ተገልብጦ ያበራል። ጋሽ ሃብቶም ወጥተው ላዩን ዳሰሱ። “ሌሊቱን አልዘነበም። ላዩ ደረቅ ነው” አሉ። እትዬ ጽጌ ወደ መስኮቱ ተጠግተው “ሃ” ብለው ተነፈሱበት። መስታወቱ ታፈነ፤ አንዲት ጠብታ ከመሐሉ ተነሥታ ወረደች።

“ሃብቶም” አሉ ቀስ ብለው፣ “እኔ ነኝ።”

“ምኑ?”

“የምዘንበው።”

ማንም አልሳቀም። ንፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን አንብቤ አውቅ ነበር፤ እንዲህ አንጋጥጬ አይቼው ግን አላውቅም። ንፋስ እንዳይገባ ብለን እስትንፋስ አስረናል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ ሲያነሡና ሲጥሉ ውለው የደከሙ ሴት፣ ተኝተው በመተንፈስ ብቻ ቤት ሙሉ ዝናብ ሠርተዋል። ዝናብ የሰማይ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሃብቶም ቢላዋ አነሡ። “ልክፈተው?”

እትዬ ጽጌ አናታቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ፍርሃት እዚያ ነበር።

“ክፈተው” አሉ። “ሻሽ አስራለሁ።”

ቅዳሜ ሳሮን መጣች። ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ዳሰሰች፣ መዳፏን አየች፤ ደረቅ ነው። በእንግሊዝኛ እዚህ ውስጥ እኮ ይበርዳል አለች። እናቷ ሻሻቸውን አጥብቀው “ውሃ እንጂ ብርድ አላልሽም” አሏት። ሻንጣው ተፈታ። ጉልበታቸው ደረጃዋን መውጣት እስኪያቅተው ድረስ ለዓመታት እዚያው ኖሩ።

እሑድ ዕለት መስታወቱን ደጋግሜ ብጠርገው መልሶ ታፈነ። መስኮቱን እንደገና በጣት ስፋት ዝቅ አደረግሁት።

“ኧረ ይመታናል” አሉ ከኋላ።

“ካልተከፈተ እንዘንባለን” አልኳቸው።

ማንም አልገባውም። የአክስቴ ልጅ ግን ነጠላዋን አናቷ ላይ ሳብ አደረገች፤ መንገዱም ቀስ እያለ መታየት ጀመረ።