አሥራ አንድ ዓመት የተጠበቀ ጥሪ

ወንድሜ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ፍሪጅ ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ሚስቱም ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር፣ ልብሱን በሁለት ሻንጣ፣ ሬዲዮዎቹን በሰባት ካርቶን ይዞ እኔ ዘንድ ገባ። ላይኛውን ክፍል ሰጠሁት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ሳምንት ሳይሞላ ጠረጴዛው በሽቦና በሣጥን ተሸፍኖ አልታይ አለ፤ ጣሪያው ላይም ረጅም የብረት ቱቦ ቆመና በጫፉ ዘጠኝ ዘንግ ያለው አንቴና ተሰካበት። ሰፈሩም ስም ለማውጣት አልዘገየም። «አንቴናው» አሉት።

የእሱ ሬዲዮ ዜናና ዘፈን የሚሰማበት ዓይነት አይደለም። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከየቤታቸው ሆነው እርስ በርስ የሚጠራሩበት ነው፤ አማተር ሬዲዮ ይሉታል። እያንዳንዱ ሰው እንደ መኪና ታርጋ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የጥሪ ምልክት አለው። በአጭር ሞገድ የሚነጋገሩት እስከ ዓለም ዳርቻ ይደርሳሉ። ወንድሜ ግን ያንን ንቆ ትቶታል፤ «ያማ ለማንም ይሆናል» ይላል። እሱ ልቡ የተሰቀለው ቪ.ኤች.ኤፍ. በሚሉት ላይ ነው። ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከአድማስ ወዲያ አይዘልቅም። ጥበቃዎችና የመኪና ነጂዎች ቅርብ ለቅርብ የሚነጋገሩበት ነው።

ታዲያ በዚህ ከሩቅ አገር ሰው ጋር እነጋገራለሁ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። በዓመት ጥቂት ቀን፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ቀዝቃዛው አየር ከተማችን ዳር ባለው ባሕር ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል አለኝ። ያን ጊዜ ሞገዱ ከክዳኑ ሥር ይታፈንና ውሃ በቧንቧ እንደሚሄድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ብርድና ሙቀት ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ስለሆነ ይህን ሲያስረዳ ፊቱ ይፈካል።

ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ አለ። እኛ ማዶኛው እንለዋለን። ከቤታችን እስከ ቤቱ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ወንድሜ ለክቶታል። በአጭር ሞገድ ተዋውቀው በስልክ ሲጠያየቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የአንዱን የደም ግፊት ሌላው ያውቃል። በቪ.ኤች.ኤፍ. ግን፣ ስንትና ስንት ማለዳ እየተቀጣጠሩ ሲጠራሩ ኖረው፣ አንድም ቀን አልተሰማሙም።

እኔም ሳላስበው ሥራው ውስጥ ገብቻለሁ። የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ጡብ ፋብሪካው ነው የሚያየው። የፋብሪካው ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ወይም ከተበተነ ለወንድሜ ዋጋ የለውም። ትንሽ ወጥቶ እንደ አንሶላ ከተዘረጋ ግን ክዳኑ ገጥሟል ማለት ነው። ማለዳ ሻይ ልጥድ ስነሳ መጀመሪያ ጭሱን አያለሁ። ከተዘረጋ በመጥረጊያው እጀታ ኮርኒሱን ሁለቴ እመታለሁ፤ እሱም ከላይ በእግሩ ይመልስልኛል።

አንድ እሑድ ማዶኛው ደወለ። የሚኖርበት ሕንፃ ተሸጧል። ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው፤ እዚያ አንቴና መትከል ክልክል ነው። የእሱን ለማውረድ ሠራተኞች የሚመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወንድሜ ስልኩን አስቀምጦ በጣቱ ቀን ቆጠረ። ከዚያ ስድስት ቀን አለን አለኝ፤ «አለን» ሲል እኔንም ቆጥሮ ነው።

ሬዲዮኞቹ ሕግ እንዳላቸው ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። ግንኙነት የሚባለው አንዱ የሌላውን የጥሪ ምልክት ሲሰማ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደደረሰው በቁጥር ሲነግረው፣ በመጨረሻም ሁለቱም «ተቀብያለሁ» ሲባባሉ ነው። ይህ ሁሉ በዚያው ሞገድ ላይ መሆን አለበት። አንዷ ብትጎድል እንደ ግንኙነት ተቆጥራ ደብተር ላይ አትገባም። የጎደለችውን በስልክ ጠይቆ መሙላት ነውር ነው። ድምፁ ደካማ ሲሆን በንግግር አይሆንላቸውም፤ ቲ ታ ቲ እያለ በሚሰማው በሞርስ ነው የሚላላኩት።

ሰኞ ነፋስ ነበር። ማክሰኞ ጭሱ ተዘረጋ፤ ኮርኒሱን መታሁ። ወንድሜ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳጠለቀ ከጎናችን ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ጀመረና ሬዲዮው እንደ ጥብስ ይንጣጣ ጀመር። ብየዳው ሞገዱን ይረብሻል። ወንድሜ በነጠላ ጫማው ወርዶ እስከ ቅዳሜ ድረስ ማለዳ ማለዳ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲታገሠው በያጁን ለመነው። በያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ አፉ ግን አያርፍም።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠርተዋት ካልመጣች እኮ ልጅቷ አልወደደችዎትም ማለት ነው» አለው።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። ቢሆንም በያጁ ቃሉን ጠበቀ፤ ረቡዕ ማለዳ ብየዳ ቤቱ ጸጥ አለ። ጭሱም እንደ ማክሰኞው ተዘርግቶ ነበር። ወንድሜ ጠርቶ ሲያዳምጥ፣ ጠርቶ ሲያዳምጥ አንድ ሰዓቱ አለቀ። ምንም የለም። በቀጠሯቸው መሠረት ማዶኛውም ሲጠራ ነበር፤ እሱም ምንም አልሰማም።

ሐሙስ ጭሱ ከሁሉም ቀን ይልቅ ለጥ ብሎ ተዘርግቶ ሳለ የባሰ ሆነ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የሚኖር የወደብ ጸሐፊ አለ፤ እሱም ሬዲዮኛ ነው፤ አንቴናው የወንድሜን ግማሽ አይሆንም። ገና ማለዳ ደወለና ማዶኛውን እንደ ጎረቤት እየሰማሁት ነው፣ አንተን ነው የሚጠራው፣ ለምን አትመልስለትም አለው። ወንድሜ የሚሰማው ሽሽ የሚል የባዶ ሞገድ እሽታ ብቻ ነው። ሽቦውን ነቀለና ሌላ ቀየረ። ሬዲዮውን ፈታው። በያዘው ካቻቢቴ ጣቱን ወጋ። ቁርስ ሳቀርብለት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ስመለስ ሻይው ቆዳ አውጥቶ አገኘሁት። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ዕቃ ሲጠግን ኖሮ የራሱ ዕቃ ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው ያንገበገበው።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ እንደ ልማዴ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። አንድ ነገር ዓይኔን ከያዘው ቆይቷል። በእሱ ሥራ ገብቼ መናገር ግን ይከብደኛል፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ልብሱን አስጥቼ ጨረስኩ፤ መቆንጠጫዎቹን ቆጥሬ ቅርጫት ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁና ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ።

«አንተ፣ እነዚያ ዘንጎች መቆም አለባቸው እንዴ?» አልኩት።

«የትኞቹ ዘንጎች?»

«አንቴናው ላይ ያሉት። ድሮ ተኝተው ነበር፤ አሁን ቆመዋል።»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሁለት ወር በፊት በከተማው የሩጫ ውድድር ነበር፤ ሬዲዮኞቹ መንገድ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት በማቀበል አግዘው ነበር። የመኪና አንቴና ቁሞ ስለሆነ የሚሠራው እሱም የራሱን አቁሞት ነበር። ሩቅ ለሩቅ የሚነጋገሩት ግን ሁሉም አጋድመው ነው። ሳንቲም በጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ቀዳዳው በተቀደደበት አቅጣጫ ሲያዝ ብቻ እንደሆነ ሁሉ ሞገዱም እንዲሁ ነው አለኝ ኋላ። ጉልበቱን ስለሚያመው ነገ እመልሰዋለሁ፣ ነገ እመልሰዋለሁ እያለ ረስቶት ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?» አለኝ።

«ከሩጫው ማግስት ጀምሮ።»

«ሁለት ወር፣ እትዬ። ሁለት ወር ሙሉ ልብስ እያሰጣሽ ታይዋለሽ።»

«ያቆምከው አንተ ነህ። ሆን ብለህ መስሎኝ ነዋ።»

በዚያ ጉልበቱ መሰላል ሊወጣ ሲነሳ ሮጬ በያጁን ጠራሁት። በያጁ መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ወጣ፤ ሁለት ዳዶ አላልቶ የቆመውን አንቴና አጋደመውና መልሶ አጠበቀው። ከቡና ስኒ ማጠብ የማይበልጥ ጊዜ ነው የወሰደበት።

«ጋሼ፣ ይችን ለማጋደም ነው ሥራ ያስፈቱኝ?» አለ ሲወርድ። ወንድሜ አመስግኖት ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

ዓርብ ጭሱ እንደ ሐሙስ አልነበረም። ተዘርግቷል፣ ግን ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ይዤለት ወጣሁና ሳልገባ በሩ ጋ ቆምኩ። ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁን በክፍሉ ለቆታል። እሽታው ውስጥ ለብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ነገር መጣ። ሞርስ አላውቅም፤ የወንድሜን የጥሪ ምልክት ግን እሱ ሲልከው ለዓመታት በኮርኒስ በኩል ስለሰማሁት ዜማውን አውቀዋለሁ። ያው ዜማ ነው፣ ከባሕር ማዶ፣ ቀጭን ሆኖ። ወንድሜ ቁጥሩን ጻፈ። የራሱን ቁጥርና «ተቀብያለሁ» ላከ፤ ደግሞ ላከ። የቀረችው የማዶኛው «ተቀብያለሁ» ብቻ ናት።

ጠበቅን። እሽታ። በመስኮቱ ስመለከት ጭሱ ከመሃሉ ተቆርጦ ወደ ላይ ይበተናል። የባሕሩ ነፋስ ተነስቷል። ወንድሜ ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ብዙ ቆየ። ሻይውን መልሼ ወረድኩ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ማዶኛው ነው፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ቁጥርህ ደርሶኛል፣ ተቀብያለሁ ብዬ አሥር ጊዜ ልኬልሃለሁ፣ ጻፈው ይለዋል። ወንድሜ ደስ ብሎኛል አለው፤ ለእኔ ግን አልተሟላም፣ ነገ እንሞክር አለው።

ቅዳሜ ነፋሱ የሰቀልኩትን ፎጣ ከገመድ ወሰደው። ወንድሜ ከማለዳ ጀምሮ ሠራተኞቹ እስከመጡበት ሰዓት ድረስ ጠራ። ከዚያ ማዶኛው ደውሎ አንቴናዬ ወርዷል አለ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሰውዬው ደርሶኛል ብሎሃል። ጻፈውና እንረፍ» አልኩት።

«በስልክ ነው ያለኝ።»

«ማን ያይሃል?»

«ደብተሩን የማነበው እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሌላ ሰው መች ያየዋል?»

ከሁለት ወር ውስጥ አንዱን ቀን ብናገር ኖሮ እንዲህ ባልሆነ እያልኩ በሐሳቤ ስብከነከን ሰነበትኩ። እሱ አንድም ጊዜ አላነሳብኝም፤ ዓርቡንም እንደማንኛውም ቀን «አልተሟላም» ብሎ በደብተሩ ጻፈው።

በሦስተኛው ሳምንት የማዶኛው ካርድ በፖስታ መጣ። ሬዲዮኞች ከተነጋገሩ በኋላ ማስረጃ እንዲሆን ካርድ ይላላካሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ ሁሉ ተሞልቷል፤ «ግንኙነቱ ተሟልቷል» የሚለው ሣጥን ውስጥም ወፍራም ራይት አለ። ወንድሜ መልሱን ለመጻፍ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀ። ቀኑን ሞላ፣ ሰዓቱን ሞላ፣ ድምፁ ስንት ደቂቃ ላይ እንደጠፋበት ሳይቀር በትንንሽ ፊደል ጻፈ። ሣጥኗን ባዶ ተዋት። ጉልበቱ ስላመመው ካርዱን ፖስታ ቤት እንድወስድለት ሰጠኝ።

ፖስታ ቤት ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ካርዱን አገላብጬ አየሁት። ሣጥኗ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። መስኮቱ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ ተንጠልጥሏል፤ አነሳሁት። አንድ ጭረት ነው። ማዶኛው ደስ ይለዋል፣ የሚያውቅ የለም፣ አሥራ አንድ ዓመትም በከንቱ አይቀርም።

«እማማ፣ የረሱት ነገር አለ?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

የለም አልኳትና ሣጥኗን ሳልነካ እስክሪብቶውን ለቀቅኩት። ቴምብር ለጥፋ ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር ወረወረችው።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ነበር።

«ላክሽው?»

«ላክሁት።»

«እንዳለ?»

እንዳለ አልኩት። ምናለ ያችን ባይጠይቀኝ።