ላበጠ ጉልበት የፈላ ውሃ

እህቴ ጉልበቷን የተጎዳችው ከሉማሜ ወጣ ብሎ ካለ ቁልቁለት ላይ ነው። ማለዳ ነበር፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። አሰልጣኙ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ገና ከብርድ ልብስ የወጡ ሯጮቹን ቁልቁል በሙሉ ፍጥነት ሊሰዳቸው ነው።

"መጀመሪያ ትንሽ ሰውነታቸውን ቢያሟሙቁስ?" አልኩት።

"ጎጃሜ ደግሞ ምን ማሟሟቂያ ያስፈልገዋል? ዳገት ያሳደገው እግር እኮ ነው! አንተ ግጥምህን ጻፍ።"

ሁሉም ሳቁብኝ። እህቴም እየሳቀች ሮጠች። መታጠፊያው ላይ እግሯ ተንሸራተተ፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ተጣመመና ወደቀች።

ያናደደኝ መውደቋ አይደለም። ሯጭ ይወድቃል። አንዱ እግሯን ይዞ ጎተተ፣ ሌላው ጉልበቷን አሸ፤ አሰልጣኙ ደግሞ "ተነሽ፣ ሩጪበት፣ ሲሞቅ ይለቅሻል" አላት። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ላይ ክለብ ሯጭ የሚመርጥበት ውድድር አለባት፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለዚያ ነው። ስለዚህ ተነሳች፤ እያነከሰች ጥርሷን ነክሳ ሮጠች። ቤት ስንደርስ ጉልበቷ ቅል አክሏል።

እናታችን ውሃ አፈላች። ጎረቤታችን ቅቤ ይዛ መጣች። ወጌሻውም ተጠሩ፤ ክፋት የሌለባቸው ሽማግሌ ናቸው። የጋለ ጨርቅ ጣል አደረጉባትና እብጠቱን በአውራ ጣታቸው እየገፉ ማሸት ጀመሩ። እህቴ ትራሷን ነከሰች።

"አባባ፣ እባክዎ ይተዉት፣ ይብስባታል!"

"የተቋጠረ ደም ካልተበተነ እግሯ ይደርቃል። ደግሞ አንተ ይሄን ከየት አመጣኸው?"

ከጤና ጣቢያ ነው ያመጣሁት። ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴ የዞረ ጊዜ ነርሷ ነግራኛለች፤ ትኩስ ጉዳት አይታሽም፣ ሙቀት አያስፈልገውም። እግሩ ይረፍ፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደረግበት፣ ደም በማያግድ ፋሻ ይታሰር፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

"በረዶ ከየት ይመጣል ልጄ?" አለች እናቴ።

በረዶ! ደጃችን ላይ የሚያድረው የጀሪካን ውሃ ጠዋት እጅ ይቆርጣል። እየተራገምን ነው ፊታችንን የምንታጠብበት። ጨርቅ ነክሮ ጉልበቷ ላይ መጣል ነበር፤ እኛ ግን ማገዶ እየፈጀን እናፈላለን፣ ያበጠውን ልናበስል!

በማግስቱ መቆም ሲያቅታት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኳት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጉልበቷን በጥንቃቄ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሳ አየችው። ጅማቱ ተለጥጧል፣ አልተበጠሰም። ካረፈችና የጭኗን ጡንቻ ካጠነከረች ትሮጣለች፤ ቅዳሜ ከሮጠች ግን ሊበጠስ ይችላል።

ዓርብ አሰልጣኙ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። እግዜር ይማርሽ አለና ወንበሩን ወደ ፍራሿ አስጠጋ።

"ጥብቅ አድርገን እናስረዋለን። የማደንዘዣ መርፌም አይጠፋም። አንድ ቀን ብቻ ቻይው።"

እኔ ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ልወረውርበት ተነሳሁ። እህቴ ቀደመችኝ።

"ከዚያ በኋላ አንተ ታዝለኛለህ?"

"እንዴት ነው የምታወሪው? ስንት ሰው ይሄን ዕድል አጥቶ..."

"አልሮጥም አልኩህ።"

ሰውየው ከአካባቢው ወጣት ወኔ ስለመጥፋቱ እያወራ ወጣ። እስከ በር ድረስ ተከትዬው የልቤን ተናገርኩ፤ እዚህ የማይጻፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቿ ከአውራ ጎዳናው ሚኒባስ ሲሳፈሩ ድምፃቸው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ በጀርባዋ ተኛች፣ ባለሙያዋ እንዳሳየቻት እግሯን ቀጥ አድርጋ ከፍራሹ አነሳች። ጭኗ ይንቀጠቀጣል። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ።

"ቀስ በል እንጂ" አለችኝ። "ተናድደህ አትቁጠርብኝ።"